ራዲዮ አብዬ ይማምን የገደለበት ዓመት

ጋዜጣው ደንግጧል ብሎ ጻፈብኝ። እኔ አልደነገጥኩም። ቡሌዬን፣ የስዊድኖቹን ጣፋጭ ዳቦ፣ እየበላሁ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ ዕለት የልጄ ልጅ ሰልማ «ሙርፋር፣ ተነሥ፣ አሮጌ አውሮፕላን ሲበር እናያለን» ብላ ከምንኖርበት ሰፈር ከብሬዴንግ ይዛኝ ወጣች። ሙርፋር የምትለኝ የእናቷ አባት ስለሆንኩ ነው። እሷ በስዊድንኛ ትናገራለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፣ ተግባብተን እንኖራለን። በቱኔልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ሄድን፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግር፤ ጉልበቴ ሲያልቅ አንድ የሣር ሜዳ ደረስን። ሰው ምንጣፍ አንጥፎ፣ ልጅ አዝሎ፣ ቡና በፔርሙስ ይዞ ተቀምጧል። እኛም ቡሌ ገዝተን ከፊት ተቀመጥን።

አንድ ቢጫ አውሮፕላን፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማያንስ፣ ሁለት ጊዜ ተገለባብጦ አሳየንና ሊያርፍ መጣ። ሮጠ፣ ሮጠ፣ አፍንጫውን ሣሩ ውስጥ ተከለና ጭራውን ሰቅሎ ቆመ። እሳት የለ፣ ጩኸት የለ። አንድ ሕፃን ብቻ አጨበጨበ። ከዚያ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ዘይት፣ ቤንዚን፣ የተገለበጠ እርጥብ አፈር፣ ሦስቱ በአንድ ላይ። ይህን ሽታ ከሰባት ዓመቴ ወዲህ አሽትቼው አላውቅም። ቡሌው አፌ ውስጥ እንዳለ ቀረሁ።

አንዲት ወጣት ጋዜጠኛ ማይክሮፎን ይዛ እየሮጠች መጣች። ከፊት ያለነው እኛ ነን። «አየህ? አብራሪው ምን ሆነ? ተጎድቷል?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት።

«ግን እዚህ ነበርክ!»

«ነበርኩ። አላውቅም።»

በማግስቱ ሰልማ ስልኳን ከፍታ ስታነብ ከሶፋው ወደቀች፣ በሳቅ። «በድንጋጤ መናገር ያቃታቸው አንድ አዛውንት» ይላል። «ሙርፋር፣ አንተ እኮ በአውቶቡስ ሙሉ መንገድ ስታወራ ነው የመጣኸው! ለምን ዝም አልካት?»

ለምን ዝም እንዳልኩ በቃል ብነግራት ግማሹ አይገባትም። ስለዚህ ጻፍኩት። ፊደል ብዙ አልቆጠርኩም፤ ስህተት ብታዩ ዝለሉትና እለፉ።

ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። ያኔ የአውሮፕላን ሜዳው ሣር ነው፤ ከብት ይግጥበታል፣ አልፎ አልፎ ደግሞ አውሮፕላን ያርፍበታል። የሜዳው ዘበኛ የአባቴ ታላቅ ወንድም አብዬ ይማም ነበሩ። ሥራቸው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ድምፅ ሲሰሙ ፊሽካ ነፍተው ከብቱን ማባረር። ይህን ሲያደርጉ እኔ የገባኝ፣ አውሮፕላኑ ኃይለኛ ኮርማ ስለሆነ ከእኛ በሬዎች ጋር እንዳይዋጋ ነው። ቀንዱ ከፊት ይሽከረከራል፣ ይጮሃል፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ሁለተኛው ሥራቸው ነፋስ ማሳየት ነው። አብዬ ስድስት ክንድ ነጭ ጥምጥም ነበራቸው። አውሮፕላኑ ከተራራው ጫፍ ብቅ ሲል ጥምጥማቸውን ይፈቱና ጫፉን ይዘው እጃቸውን ወደ ላይ ይዘረጋሉ። ጨርቁ ነፋሱ ወደሚሄድበት ይተኛል። አብራሪው ከላይ ያያል፣ ይዞርና በትክክለኛው በኩል ይመጣል።

«አውሮፕላን ነፋስን በፊቱ ይወዳል» ይሉኝ ነበር። «ከኋላው ከመጣበት እንደተገፋ ሰው ነው፣ ልቁም ቢልም አይቆምም።»

አብዬ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ለሰው አይታዩም። ሲተኙ እንኳ ቆብ ያደርጋሉ። የተላጨ ራሳቸውን ያየሁት ለአውሮፕላን ሲሉ ብቻ ነው፤ የሚያብረቀርቅ፣ ጆሮው አካባቢ አንድ ጥቁር ነጥብ ያለበት። ከእኔ በቀር ያቺን ነጥብ የምታውቃት ሚስታቸው እትዬ ዘይነባ ብቻ ነበረች።

አብራሪው ረጅም ፈረንጅ ነው። አውሮፕላኑ ሲመጣ ሰው ሁሉ «ስዊድን መጣ፣ ስዊድን መጣ» ይላል። እኔ ስዊድን የአውሮፕላኑ ስም መስሎኝ ነበር፣ በሬን ቦራ እንደሚሉት። ይኸው ዛሬ በዚያ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ፣ በአንድ የበዓል ቀን የአውሮፕላን ትርኢት ይታያል ተባለ። አገር ሁሉ ወጣ። ሜዳው ዳር ዳስ ተጣለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ከአዲስ አበባ ጋዜጠኛ መጣ። የሜዳው ሹም ጫማውን አስጠርጎ አብዬን ጠራቸው። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ይማም፣ ዛሬ ባለሥልጣን አለ። ራስህን ገልጠህ ጨርቅ እያውለበለብክ እንዳትሮጥብኝ። የነፋስ ከረጢት አሰቅያለሁ፣ ያውልህ።»

አብዬ ቀና ብለው አዩት። ምሰሶ ላይ ቀይና ነጭ ከረጢት ተሰቅሏል፤ ሌሊት ዘንቦበት እንደ ረጠበ ካልሲ ተንጠልጥሏል።

«ጌታዬ፣ ይሄ ርሷል።»

«ይደርቃል።»

«ነፋሱስ እስኪደርቅ ይቆያል?»

«ይማም!»

አብዬ ከሰው ኋላ ሄደው ቆሙ።

አውሮፕላኑ መጣ። ወጣ፣ ወረደ፣ ተገለበጠ፣ በጀርባው ሄደ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንድ ሽማግሌ «ይህ ልጅ እናት የለውም?» አሉ። ከዚያ ሊያርፍ ዞረ። ከረጢቱ ምሰሶው ላይ ተጠምጥሞ ቀርቷል፣ ወዲህም ወዲያም አይል። እኔ ቀና ብዬ አብዬን አየሁ። እጃቸው ወደ ጥምጥማቸው ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። አውሮፕላኑ መሬት ነካ። ነፋሱ ከኋላው ነበር። ሮጠ፣ ሮጠ፣ ሜዳው አለቀ፣ ማሽላው ውስጥ ገባ፣ አንድ ቦይ ላይ አፍንጫውን ተክሎ ጭራውን ሰቀለ።

መጀመሪያ አብዬ ብቻ ሮጡ። ከዚያ ሁሉም ሮጠ። እኔ በሰው እግር መካከል ስሹለከለክ ቆይቼ ስደርስ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ሰው መሬት ላይ ተጋድሟል፣ ጋቢ ተጥሎበታል፣ ራሱና ፊቱ በአብዬ ጥምጥም ተጠቅልሏል፤ ጥምጥሙ ደም ነው። አጠገቡ የቆዳ ቆብና መነጽር ያደረገ፣ ፊቱ ጭቃ የሆነ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ተንበርክኳል። ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ዘይት፣ ቤንዚን፣ እርጥብ አፈር።

ጋዜጠኛው ኮቱን ጭቃ እንዳይነካው ሰብስቦ መጣና ትከሻዬን ያዘኝ።

«አንተ ልጅ፣ ያ የተኛው ማነው?»

ጥምጥሙን አየሁት። «አብዬ ይማም ናቸው። አጎቴ ናቸው። ዘበኛው» አልኩና አለቀስኩ።

«ሞተ?»

የተኛው ሰው አይነቃነቅም። «አዎ» አልኩ።

ጻፈ። ወደ ስልክ ቤት ሮጠ። አጠገቡ የተንበረከከውን ሰው ትቶ እኔን ጠየቀ፤ እኔም ፊት ሳላይ ጨርቅ አይቼ መለስኩ።

እውነቱ ይህ ነው። ፈረንጁ አፍንጫው ተሰብሮ ራሱን ስቷል። አብዬ ጎትተው አወጡትና ደሙን ለማቆም ጥምጥማቸውን ፈትተው ጠቀለሉት። ሲያስቡት ራሳቸው ራቁት ነው፣ አገር ሁሉ፣ ባለሥልጣንም እየመጣ ነው። የፈረንጁ ቆብ ከነመነጽሩ መሬት ወድቋል። አነሡና አደረጉት። ይኸው ነው። ከዚያ የጭነት መኪና መጥቶ ሁለቱንም ወደ ደሴ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ፈረንጁ ነቅቶ የአብዬን እጅ አለቅም ስላለ አብረው ሄዱ። ለቤት ሰው የነገረ የለም።

ማታ ጋሽ ታደሰ ሻይ ቤት ራዲዮ ተከፈተ። በአካባቢው ያለው ራዲዮ እሱ ብቻ ነው፤ ሰው ደጁ ድረስ ቆሞ ይሰማል። አውሮፕላኑ ወደቀ አለ፣ አብራሪው በሰላም ወረደ አለ፣ የሜዳው ዘበኛ ይማም ሕይወታቸው አለፈ አለ። ከዚያ እኔን የቀበረኝን ነገር ጨመረ፦ የሟች የወንድም ልጅ በቦታው ተገኝቶ አረጋግጧል።

አባቴ ደግሞ አምስት ወንዶች ልጆች አሉት፤ የትኛው እንደሆነ ራዲዮው አላለም።

ሌሊቱን የቅሬው ለፋፊ ዞረ። በእኛ አገር ለልቅሶና ለቀብር የተማማለው ማኅበር ቅሬ ይባላል፤ ቅሬ ከተጠራ ማንም አይቀርም፣ ከቀረም ጉድ ነው። ሲነጋ ግማሹ ሬሳ ሊያመጣ ደሴ ሄደ፣ ግማሹ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ሴቶቹ ንፍሮ ቀቀሉ። እትዬ ዘይነባ ድምጿ እስኪዘጋ አለቀሰች። ሙሾዋ ላይ አብዬ አንበሳ ነበሩ፣ ነብር ነበሩ፣ የማር እንጀራ ነበሩ። በቁማቸው «ቀርፋፋ» ነበር የምትላቸው።

እኩለ ቀን ሲሆን አንድ የጭነት መኪና መጣ። ከጆንያው ላይ አንድ ሰው የቆዳ ቆብ አድርጎ፣ ሙዝ እየበላ ወረደ።

ደጁን ሞልቶ የተቀመጠውን ሰው አይተው አብዬ ደነገጡ። ሙዙን ጣሉ። «ኢናሊላሂ! ማን ሞቶ ነው?»

ለፋፊው ሙያው ነውና መለሰ፦ «አንቱ ነዎታ።»

«እኔ?»

«ራዲዮ ተናግሯል።»

አብዬ ከለቀስተኛው መሐል ገብተው ተቀመጡ። «እንግዲያ ንፍሮውን አቀብሉኝ፣ ከደሴ ጀምሮ ከሙዝ በቀር አልቀመስኩም።»

እትዬ ዘይነባ ተነሥታ በነጠላዋ ጫፍ ደበደበቻቸው። «እኔ ጉሮሮዬ እስኪላጥ! አንበሳ እስክልህ!»

«አንበሳ አልሽኝ?» አሉ አብዬ፣ ንፍሮ አፋቸው ውስጥ እንዳለ። «እስቲ ድገሚው።»

ጉድጓዱ ግን ተቆፍሯል። ሸሁ «ድፈኑት፣ ይኸው ነው» አሉ። ቆፋሪዎቹ እጃቸው ያበጠ ናቸው፣ እምቢ አሉ፤ ባዶ መቃብር ሰው ይጠራል፣ ዛሬ ካልተሞላ ነገ ከእኛ አንዱን ይሞላል አሉ። ተከራከሩ። በመጨረሻ ከማሽላው ውስጥ የአውሮፕላኑን የተሰበረ የእንጨት ምላጭ፣ ያ ከፊት የሚሽከረከረውን፣ እኔ ቀንድ የምለውን፣ አምጥተው ቀበሩት። ሸሁ ፊታቸውን አዞሩ፣ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። በኋላ የአውሮፕላኑ መሥሪያ ቤት ምላጩን ሲያፈላልግ አየሁ ያለ ሰው የለም። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ራዲዮ ይሳሳታል የሚለው ነገር ገና አእምሮዬ ውስጥ አልነበረም። ራዲዮ ሞቱ ካለ ሞተዋል፤ የመጣው ሌላ ነገር ነው። ከእጃቸው ጉርሻ አልቀበልም አልኩ። ፀሐይ ላይ ሲቆሙ ጥላ እንዳላቸው ከኋላ እየሄድኩ አየሁ፤ አላቸው። ሲተኙ ቆባቸውን ገለጥ አድርጌ ጥቁሯን ነጥብ ፈለግሁ፤ አለች። ያን ዕለት አመንኩ፣ ግን ካመንኩ በኋላ ባሰብኝ። ሞተው ካልሆነ የዋሸሁት እኔ ነኛ።

አባቴ አምስታችንን አሰለፈን። «የትኛችሁ ናችሁ ወንድሜን የገደላችሁት?»

«እኔ አይደለሁም» አልን አምስታችንም። አሊ ወንድሜ ተገረፈ። ምንም አላደረገም፣ ፊቱ ብቻ የወንጀለኛ ፊት ነበር። አብዬ ከደጃፍ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር።

ሳቁ ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን አብዬ ፊሽካቸውን ይዘው ሥራ ገቡ፣ እኔም ተከተልኳቸው። ሜዳው ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። የሜዳው ቢሮ ጸሐፊ ከመስኮት ሆኖ ወረቀት ገለጠ።

«ይማም ሟች ነው ይላል። በሟች ቦታ ሌላ ተቀጥሯል።»

«ይኸው ቆሜ እያየኸኝ?»

«እኔ አየሁህ። ወረቀቱ አላየህም። ወደ አዲስ አበባ ተጽፏል፣ መልሱ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።»

«እስከዚያ ምን ልሁን?»

«እስከዚያ ሙት» አለ ጸሐፊው፤ በክፋት አይደለም፣ ሌላ መልስ አልነበረውም።

ፊሽካውን ተቀበላቸው።

ከዚያ በኋላ አብዬን ማየት ያሳዝን ነበር። ጥምጥሙ ታጥቦ ከደሴ መጣላቸው፣ መሐሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ቀርቷል። አልጠመጠሙትም፤ አጥፈው ትራስ አደረጉት። ቀኑን ሙሉ እትዬ ዘይነባ እግር ሥር ይቀመጣሉ። «ሂድ ውጣ፣ ሙት ቤት አይጠብቅም» ትላቸዋለች፣ አይስቁም። የአውሮፕላን ድምፅ የመሰለ ነገር ሲሰሙ ተነሥተው ይቆማሉ፣ ንብ ይሆናል፣ ይቀመጣሉ። እኔ ከዚያ ቤት መራቅ አልቻልኩም፣ መቅረብም አልቻልኩም።

ማሽላው ሲታጨድ ነው እውነተኛው ድምፅ የመጣው። ሌላ አውሮፕላን ነው፣ አብራሪው ግን ያው ነው አሉ። ሰው ሁሉ ወደ ሜዳው ሮጠ። አብዬ አልተነሡም። አውሮፕላኑ አንድ ጊዜ ዞረ። ከረጢቱ፣ ያ የተረገመ ከረጢት፣ እንደገና ምሰሶው ላይ ተጠምጥሟል። አዲሱ ዘበኛ ፊሽካ ይነፋል፤ ፊሽካ ሰማይ ላይ አይሰማም። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ መጣ፣ አየ፣ መልሶ ወጣ። ሁለተኛ ዞረ።

እየሮጥኩ ወደ ቤት ተመለስኩ። «አብዬ፣ አያርፍም! ነፋሱን አላወቀም!»

«ዘበኛ አለው።»

«አያውቅበትም!»

«እኔ ሟች ነኝ፣ ሙሄ። ሟች ሥራ አይገባም።»

ሦስተኛ ሲዞር ድምፁ ጣራውን አንቀጠቀጠው። ያን ጊዜ አፌ ራሱ ተናገረ። «እኔ ነኝ! ለጋዜጠኛው ሞቱ ያልኩት እኔ ነኝ! ጥምጥሙን አይቼ ነው! አሊ አይደለም!»

አብዬ አዩኝ። ጢማቸው ተንቀሳቀሰ። «አውቃለሁ» አሉ። «ጉርሻዬን እምቢ ያልክ አንተ ብቻ ነህ።»

ትራሱን ሳቡና ጥምጥሙን ዘረጉት። አንዱን ጫፍ እጄ ላይ ጣሉ።

«በል ያዝ። የገደለ ያንሣ።»

ሮጥን። አንድ ሽማግሌና አንድ ሕፃን፣ በመሐላቸው ስድስት ክንድ ጨርቅ። ሹሙ «ይማም!» ብሎ ጮኸ፣ ጸሐፊው «ሟቹ!» ብሎ ጮኸ፣ አንዱንም አልሰማንም። ሜዳው መሐል ስንደርስ አብዬ ትከሻቸው ላይ ሰቀሉኝ። «ጫፉን ወደ ላይ! የአንተን ያዝ፣ የእኔን ልለቀው ነው!» ለቀቁት። ነፋሱ ጨርቁን ሲነጥቅ እኔንም ይዞ ሊሄድ ደረሰ፤ በሁለት እጄ ያዝኩ። የተላጨው ራሳቸው ጭኔ መሐል ሞቃት ነበር፣ አገር ሁሉ እያየው። ደንታ አልነበራቸውም።

አውሮፕላኑ ክንፉን አጋደለ። ዞረ። ከወዲያኛው በኩል መጣና ነፋሱን በፊቱ ተቀብሎ፣ ላም ውኃ ለመጠጣት ጎንበስ እንደምትል ቀስ ብሎ አረፈ።

ፈረንጁ ወረደ። አፍንጫው ወደ ግራ ጠሟል። ቆቡን አወለቀና ያው የሚያውቀውን ጥቂት አማርኛ ለሹሙ ተናገረ፦ «ይማም አለ፣ አረፍኩ። ይማም የለ፣ አላርፍም።»

ሹሙ ጸሐፊውን አየ። ጸሐፊው ከኪሱ ፊሽካውን አወጣ፣ በኮቱ ጠረገና ለአብዬ ሰጠ። «ወረቀቱ ይድረስ አይድረስ» አለ፣ «አውሮፕላን ያሳረፈ ሰው ሟች ነው ብዬ መጻፍ ከዛሬ በኋላ አልችልም።»

ራዲዮው አላረመም። ጋሽ ታደሰ ብዙ ማታ ጠብቆ ነበር። አብዬ ግን «ተወው፣ አንዴ ሞቻለሁ፣ ቀሪው ትርፍ ነው» ይሉ ነበር። አሊ የበላውን አለንጋ የምተካበት ስላልነበረኝ የእሱን ጥጆች እስከ ጥምቀት ድረስ ጠበቅሁለት።

ሰልማ ይህን ስነግራት፣ አዎ በቃልም ነገርኳት፣ ግማሹ አልገባትም፣ ግን አልሳቀችም። «ሙርፋር፣ ለጋዜጣው እንጻፍላቸው፣ አልደነገጠም ብለን» አለች።

«ተይው» አልኳት።

«ግን አብራሪው ደህና እንደነበር አይተሃል! ወጥቶ እጁን ሲያወዛውዝ እኔም አይቻለሁ። ለምን አላውቅም አልካት?»

«አየሁ፣ በኋላ» አልኳት። «ጋዜጠኛዋ ስትጠይቀኝ ግን ሰውየው ቆቡን ገና አላወለቀም ነበር።»